የመሻገሪያው ገመድ

ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ በኩልፎ ወንዝ ዳር ባለው የሙዝ መጋዘን ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የአትክልቱ ባለቤት ወንደሰን፣ የፒክአፑ ሹፌር ሊሻን እና ከአዲስ አበባ ሙዝ ሊጭን የመጣ የአይሱዙ ሹፌር። አራተኛዋ ሻሺቱ መሆን ነበረባት። እሷ ግን ገና ከወንዙ ማዶ ነበረች።

ሻሺቱ ከሌለች መኪና በደንብ አይጫንም። ሌሎቹ ሴቶች ዘለላውን ከመጋዘኑ ተሸክመው ያመጣሉ፤ እሷ መኪናው ላይ ወጥታ ደረቅ የሙዝ ቅጠል እያነጠፈች ትደረድረዋለች። እሷ የደረደረችው ሙዝ አዲስ አበባ ሲደርስ አይጠቁርም። ሹፌሮቹ ይህን ስለሚያውቁ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ “ያቺ ሴትዮ አለች?” ብለው ይጠይቃሉ።

“ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ! አራስ እኮ ነው የምታስተኙት!” ትላለች ከላይ ሆና።

“አራስስ ገንፎ ትበላለች። እኛ ምን በልተን ነው ቀስ የምንለው?” ይሏታል ከታች።

“ጋሽ ወንዴን ጠይቁት፤ ገንፎው እሱ ጋ ነው።”

መኪና የሚመጣበት ቀን አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ወንደሰን መኪና ሲመጣ ለሻሺቱ ሚስኮል ያደርግላታል። ይህን ዘዴ ያመጣችው ራሷ ናት። “አንተ ጋሽ ወንዴ፣ ስልክ ላይ ወሬ አታውቅበትም፤ ‘እ… እ…’ ስትል ጀንበር ትጠልቃለች” አለችው አንድ ቀን በሰው ፊት። “በቃ፣ አንዴ ከጠራ መኪና መጥቷል፣ እንመጣለን። ሁለቴ ከጠራ ቅሩ ማለት ነው። አለቀ።” ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በዚያው ጸና። እሷ ጥሪውን ስትሰማ በየቤቱ ደጃፍ እያለፈች ሌሎቹን ታስነሳለች።

ሠራተኞቹ ሁሉ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። በአስፋልቱ ድልድይ መዞር በጣም ሩቅ ስለሆነ በእግሩ የሚዞር የለም። ከመጋዘኑ በታች ወንዙ ሰፋ ብሎ ውሃው የሚሳሳበት መሻገሪያ አለ። በበጋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ዝናብ ሲገባ ግን ከላይ፣ ደጋው ጨንቻ ላይ የጣለው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል፤ አርባ ምንጭ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ኩልፎ ሊሞላ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ወንደሰንም ያውቀዋል፤ ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው።

አባቱ ጋሽ ተክለሃይማኖት ከጎጃም አስተማሪ ሆነው መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። አትክልቱን የተከሉት ጡረታ ሲወጡ ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሊገባ ሲል ከዚህኛው ዳር ሾላ እስከ ወዲያኛው ዳር ዋንዛ ድረስ ወፍራም ገመድ ያስሩ ነበር፤ ከፍታው አንዲት ሴት እጇን ብታነሳ የምትይዘው ያህል ነው። ውሃው ከበረታ ደግሞ ፒክአፑን በድልድዩ አዙረው ሠራተኞቹን ከየቤታቸው ያስመጣሉ። “ወደ እኔ ሥራ ለሚመጣ ሰው መንገዱም የእኔ ጉዳይ ነው” ይሉ ነበር። አባቱ ካረፉ በኋላ ወንደሰን ገመዱን ማሰሩን አላቋረጠም። ፒክአፑን ማዞሩን ግን እየተወው መጣ። የነዳጅ ሰልፉ አታካች ነው፤ መኪናውም ከማሳ ሙዝ ማመላለስ አለበት። ምክንያት አላጣም።

በዚያ ዓመትም ገመዱ በጊዜው ታስሮ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሸራውን የሚያስርበት ገመድ አጥቶ ሲጨቃጨቅ ወንደሰን ሊሻንን፣ “የመሻገሪያውን ፍታና ስጠው፤ ነገ ሌላ እንገዛለን” አለው። ሊሻን ፈታው። በማግሥቱ ሌላ ሥራ መጣ። ቅዳሜ ረሱት። እሁድ ዳግማይ ትንሣኤ ነበር።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል የአዲስ አበባው ሹፌር ከተማ መግባቱን ደውሎ ነገረው። ወንደሰን ሴቻ ሰፈር ካለው ቤቱ ሳይወጣ ለሻሺቱ ደወለ፤ አንዴ እንደጠራ ዘጋው። ወደ ደጅ ሲወጣ የጉጌ ተራራ ከወገቡ በላይ አይታይም፤ ጥቁር ደመና ውጦታል። ቆም ብሎ አየው። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባ።

መጋዘኑ ሲደርስ ዶፉ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ካልጮኹ በቀር መደማመጥ አይቻልም። መብራት ጠፋ። ሊሻን በሩ ላይ ቆሞ ወደ ወንዙ ያይ ጀመር።

“ጋሽ ወንዴ፣ ጠርተሃቸዋል እንዴ?”

“ጠርቻታለሁ።”

“ታዲያ ቶሎ ብለህ ቅሩ በላቸው!”

ወንደሰን ደወለ። ማግኘት አይችሉም የምትለው ድምፅ መጣች። ደገመው። በሦስተኛው ድምፅም አልነበረም።

“ኔትወርክ ጠፍቷል” አለ።

“በቃ እኔ በድልድዩ ልዙር። ደርሼባቸው ወይ አመጣቸዋለሁ፣ ወይ ቅሩ እላቸዋለሁ።”

የአይሱዙው ሹፌር ከመኪናው መስኮት አንገቱን አወጣ። “እሱ ከሄደ ማሳ ውስጥ ያለውን ማን ሊያወጣው ነው? እኔ ዛሬ ሶዶን ማለፍ አለብኝ፤ እዚህ ጭቃ ውስጥ ስታሽ አልውልም። ሙዝ በዚህ አገር ሞልቷል፣ ጋሼ።”

ወንደሰን አንዴ ሹፌሩን፣ አንዴ ሊሻንን አየ። “መጀመሪያ የተቆረጠውን አምጣው፤ ከዚያ ትሄዳለህ” አለ። “ወንዙን ሲያዩ ይመለሳሉ። ሕፃን አይደሉም።”

“ገመዱ እኮ የለም፣ ጋሼ።”

“አውቃለሁ። አውቃለሁ! ለዚህ እኮ ነው ቶሎ በል የምልህ።”

ሊሻን ሄደ። ጭቃው መኪናውን ይዞት ከቆየ በኋላ የመጀመሪያውን ጭነት አመጣ። እሱን እያራገፉ ሳለ ከወንዙ በኩል የሴት ጩኸት ተሰማ። ሦስቱም ሮጡ። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድና ከነሥሩ የተነቀለ ሙዝ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። ወዲያ ማዶ ከሠራተኞቹ አንዷ፣ ቤተልሔም፣ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ትጮኻለች። ሻሺቱ አትታይም።

በማግሥቱ በጫሞ ሐይቅ አቅራቢያ፣ ውሃው በተኛበት የሰው ሙዝ ውስጥ አገኟት።

ሣልስቷ ዕለት ወንደሰን ወደ ድንኳኑ የሄደው ከሚስቱ ወንድም ከወልደየሱስ ጋር ነው። ወልደየሱስ ቢሮ የሚሠራ፣ ደንብና መመሪያ የሚያነብ ሰው ነው። መንገድ ላይ ክንዱን ይዞ እንዲህ አለው፦

“ስማኝ። የሞተችው ከአጥርህ ውጭ ነው፤ ሥራዋ ላይ አልነበረችም። ሰርቪስ መድበህላት መኪናህ ውስጥ ብትጎዳ ኖሮ ያስጠይቅህ ነበር። አልመደብክም። ስለዚህ ሄደህ አልቅስ፣ አጽናና፣ ግን ደወልኩ ምናምን ብለህ ወሬ እንዳታበዛ።”

“መኪና ስላልመደብኩ ነው የማልጠየቀው?”

“ነገሩ እንደዚያ ነው።”



የሻሺቱ ባል ይፍሩ ጫሞ ላይ አሣ የሚያጠምድ ሰው ነው። ያን ሰኞ ሐይቁ ላይ ነበር፤ ዝናቡ አግዶት ቤቱ የደረሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ በሽማግሌዎቹ መካከል ኩርምት ብሎ ተቀምጦ ነበር። ከካምባ የመጡት የሻሺቱ እናት ወይዘሮ አበራሽ በሴቶቹ በኩል ናቸው። የሻሺቱና የይፍሩ ልጅ ሄራን፣ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው፣ የአያቷን ነጠላ ጫፍ ጨብጣለች።

ቤተልሔም ያየችውን እንድትናገር ጠየቋት።

“ላስቲክ ደፍታ በደጄ ስታልፍ አየኋት። ‘የት ነው በዚህ ዝናብ?’ ብላት፣ ‘ወንዙን ልየውና እነግራችኋለሁ፤ እናንተ አትውጡ’ አለችኝ። ልቤ አላርፍ ቢለኝ ተከተልኋት። ስደርስ መሀሉ ላይ ነበረች። ውሃው እኮ ጉልበቷ ነበር! በእግዚአብሔር ስም፣ ከጉልበቷ አላለፈም! ከዚያ ከላይ በኩል ጉም ጉም የሚል ነገር መጣ። እሷም ሰማችው። እጇን እንዲህ አነሳች። ገመዱን ልትይዝ። ለምዳዋለቻ። ገመዱ የለም።”

ቤተልሔም ይህን ስትናገር የራሷን እጅ ወደ ላይ ዘርግታ ነበር። ማውረዱን ረስታው ቆየች። ወንደሰን መሬት መሬት አየ።

“በዚያ ዝናብ ምን አስቸኮላት?” አለች አንዷ ሴት በቀስታ። “ልጅ እያላት” አለች ሌላዋ።

ይፍሩ ቀና አለ። “ጋሽ ወንደሰን፣ ቅር አይበልህና፣ እንደው ልቤ እንዲያርፍ ነው። ያን ጠዋት ደውለህላት ነበር?”

ወልደየሱስ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“ኔትወርክ አልነበረም፣ ይፍሩ” አለ ወንደሰን። “ኔትወርኩ ጠፍቶ ነበር።”

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ሊሻንም የአይሱዙው ሹፌርም ሊመሰክሩለት ይችላሉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይፍሩ ፊቱን በጋቢው ጠረገና፣ “ይቅርታ፣ ጋሼ። በዚህ ቀን መጠየቄም ነውር ነው። ችኩል ነበረች፤ ሁልጊዜ እነግራት ነበር” አለ።

“ጠርቷል።”

ሰው ሁሉ ዞረ። ሄራን ናት።

“ስልኩ ጠርቷል። አንዴ። እማ ሁለተኛውን እንጠብቅ ብላ ስልኩን በእጇ ይዛ ቁጭ አለች። ዝናብ ስለሆነ ሁለተኛው አይቀርም አለች። ጠበቀች፣ ጠበቀች። አልጠራ ሲላት ሄደች።”

“ዝም በይ፣ አንቺ” አለ ይፍሩ። “ትልቅ ሰው ሲናገር አልሰማሽም? ኔትወርክ የለም እየተባለ!”

“ጠርቷል፣ አባ!”

“ውሸት አመልሽ አልነበረም። ዛሬ ምን ነካሽ?”

የወንደሰን አፍ ተከፍቶ ነበር። ወልደየሱስ እጁን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገ፤ አልተጫነውም፣ ጣል ብቻ ነው ያደረገው። ወንደሰን አፉን ዘጋ። አንዲት ሴት ልጅቷን አቅፋ ወደ ጓሮ ወሰደቻት። የድንኳኑ ምሰሶ ሥር የቆመው ሊሻን አሠሪውን አየው፤ ከዚያም እሱም ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ።

ወንደሰን በዚያው ሳምንት ወፍራም ገመድ ገዝቶ መጣ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለገም። ራሱ ሾላው ላይ አሰረው፤ ራሱ ተሻግሮ ዋንዛው ላይ አጠበቀው። ሲመለስ መሀል ላይ ቆመና እጁን አነሳ። ገመዱ መዳፉ ውስጥ ገባ። ውሃው ጎድሎ ስለነበር ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ነበር የነካው። ስልኳን ይዛ የተቀመጠችውን ሴት አሰበ። እሱ እዚህ ሆኖ ኔትወርክ የለም ብሎ የተወውን ጥሪ እሷ እዚያ ሆና ትጠብቀው ነበር። እንደሚደውልላት አምና ነበር። በሦስተኛው ባያቆም፣ አራተኛውን ቢሞክር፣ ወይም ሊሻንን “ሂድ” ቢለው። አንዲት ቃል ናት። ሂድ።

ሥራው ቀጠለ። በሻሺቱ ቦታ መኪናው ላይ ሌላ ሴት ወጣች፤ የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ሙዙ ጠቁሮ ደረሰ እያሉ ደወሉ። ወንደሰን አልተከራከራቸውም። ከላይ ሆኖ የሚቀልድ ስለሌለ ከታች የሚመልስም አልነበረም።

አንድ ቀን ከማሳ ሲመለሱ ሊሻን መኪናውን መንገድ ዳር አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

“ምነው?” አለ ወንደሰን።

“ያቺ ልጅ።”

“የትኛዋ?”

“የትኛዋ ትለኛለህ? ሄራን ናታ! የሰፈር ልጆች ስም አውጥተውላታል። ‘ስልክ ጠራ’ ነው የሚሏት። ትምህርት ቤት ስትገባ ‘ስልክ ጠራ መጣች! ሃሎ! ሃሎ!’ ይሏታል። ትናንት በደጃቸው ሳልፍ አባቷ ሲገርፋት ደረስኩ። ‘ዋሽቻለሁ በይ’ ይላታል። ይፍሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ውሸታም እንዳትሆንበት ፈርቶ ነው።”

ወንደሰን የመኪናውን በር እጀታ ያዘ።

“እኔም ዝም ስላልኩ አብሬ ዋሽቻለሁ” አለ ሊሻን። መሪውን ጥብቅ አድርጎ ይዟል። “ጋሽ ወንዴ፣ አባትህ ናቸው መንጃ ፈቃድ ያስወጡኝ። አንተን አላዋርድም። ግን አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ። ከዚያ ታባርረኛለህ፣ በቃ።”

“አርባዋ መቼ ነው?”

“ቀጣዩ ቅዳሜ።”

“ንዳው” አለ ወንደሰን። “ቅዳሜ እናገራለሁ።”

ለምን በዚያው ዕለት እንዳልሄደ በኋላ ራሱን ብዙ ጊዜ ጠይቋል። ሰው በተሰበሰበበት መናገር ይሻላል ብሎ ነበር፤ እንደዚያ ብሎ ራሱን አሳመነ። ቀኖቹ ግን ለእሱ ብቻ አልነበሩም፤ ለልጅቷም ቀኖች ነበሩ።

ቅዳሜ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በይፍሩ ግቢ ሰው ምግቡን ቀምሶ ሲያበቃ ወንደሰን ተነሣ። ወልደየሱስን አልጠራውም ነበር። ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ሳይሆን፣ ሻሺቱ እንደምትስቅበት እየተንተባተበ ተናገረ።

“ያን ሰኞ… እኔ ደውያለሁ። ከቤቴ ሳልወጣ። አንዴ ጠርቶ ዘጋሁት። በኋላ ቅሩ ልላቸው ስሞክር ነው ኔትወርኩ የጠፋው። ሊሻን በመኪና ልሂድላቸው ብሎኝ ነበር። መጀመሪያ ሙዙን ጫን አልኩት። ገመዱንም ያስፈታሁት እኔ ነኝ። ሻሺቱ ችኩል አልነበረችም። ጠርቻት ነው የመጣችው። ሄራን የተናገረችው እውነት ነው። አልዋሸችም።”

ይፍሩ ከመቀመጫው አልተነሣም። ወንደሰን ይሰድበኛል፣ ወይም ውጣ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። ቢሆንለት ደስ ባለው። ይፍሩ ግን ወደ ልጁ ዞረ።

“ሄራን፣ ነይ እስቲ። ነይ፣ የኔ እናት። ያኔ ስልኩ ጠርቶ ነበር አይደል?”

ልጅቷ ከአያቷ ጎን ሳትላቀቅ ሰዎቹን በየተራ አየች። “አልጠራም” አለች።

“ጠርቷል እኮ ነው የሚሉሽ። ራሱ ጋሼ ነው የሚለው።”

“አልጠራም። በሕልሜ ነው የሰማሁት።”

ወንደሰን ሄዶ እፊቷ ተንበረከከ። “ሄራን፣ እኔ ነኝ የደወልኩት። ጠርቷል። አንቺ እውነትሽን ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።”

“አልጠራም፣ ጋሼ” አለች። በጨዋ ልጅ ድምፅ፣ እንደተማረችው፣ ጎንበስ ብላ። “ሁለተኛ አልልም።”

ያን ጊዜ ይፍሩ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

ወይዘሮ አበራሽ ልጅቷን ወደ ደረታቸው አስጠጓት። ወንደሰንን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ እሱም እንደተንበረከከ ቀረ። “እኔ አርባ ቀን ሙሉ፣ ‘ምን አጣሽ፣ ምን ጎደለሽና ገባሽ’ እያልሁ ሬሳዋን ስወቅስ ነበር” አሉ። “ተጠርታ ነው የሄደችው ለካ። ተጠርታ።” ከዚያ፣ “ተነሥ፣ ልጄ። መሬቱ እርጥብ ነው” አሉት።

ወንደሰን ተነሣ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ በጭቃ ርሶ ነበር።

በሳምንቱ ወይዘሮ አበራሽ ሄራንን ይዘው ወደ ካምባ ሄዱ፤ ልጅቷ እዚያ ትምህርት ቤት ገባች። ይፍሩ ወደ ጫሞ ተመለሰ። ወንደሰንን የከሰሰው የለም። ጨንቻ ላይ ዝናብ በጣለ ቀን ሊሻን በድልድዩ ዞሮ ሠራተኞቹን ያመጣቸዋል፤ ማታም ይመልሳቸዋል፤ ሙዙ ይቆያል።